ቅባትና መያዣው

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በገበያ ቀን የተገኙ እንደ ሆነ ከቅቤ ተራ ጥቂት ቆመው እንዲመለከቱ እመክርዎታለሁ። ገዢዋ እመቤት ከሻጪዋ ፊት ቁጢጥ ትልና ቅሉን ታስከፍታለች፤ አስቀድማ ታሸታለች፤ ቀጥላ ላዩና ውስጡ አንድ መሆኑን ለማወቅ በስንጥር ትወጋዋለች፤ በመጨረሻም ከስንጥሩ ጫፍ የቀረውን ጥቂት ቅቤ በመዳፏ ሳይሆን በእጇ ጀርባ ቀብታ እንደገና ታሸታለች። ስለ ዋጋ መነጋገር የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለወጥ የሚሆን ቅቤ ጥቂት ቢበስልም ተነጥሮ በኮረሪማና በኮሰረት ይታረማል፤ ለራስ የሚሆነው ለጋ ቅቤ ግን እሳት ሳያየው ከጠጕርና ከቆዳ ላይ የሚውል ነውና፣ እመቤቲቱ በእርሱ ላይ ምሕረት የላትም።

ይህን ባየሁ ጊዜ ትዝ የሚለኝ ከ1,900 ዓመት በላይ አስቀድሞ በሮም መንግሥት ዘመን የኖረው ሊቅ ፕሊኒዮስ ነው። እርሱም በ79 ዓ.ም. የቬሱቪዮስ ተራራ እሳት በተፋ ጊዜ የሞተው ነው። ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ሰፊ መጽሐፉ ስለ ሽቱ ሲናገር፣ ሽቱ የሚፈተነው በእጅ ጀርባ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱም የመዳፍ ሙቀት እንደሚያበላሸው ይገልጻል። ደግሞም ቅባት ከሁሉ ይልቅ በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ደኅና ሆኖ እንደሚቆይ፣ ፀሐይም ጠላቱ ስለ ሆነች በጥላ ሥፍራ፣ በእርሳስ ዕቃ እንደሚቀመጥ ጽፏል። (የእርሳሱን ምክር ዛሬ የሚቀበለው የለም፤ እርሳስ ራሱ መርዝ መሆኑ ታውቋልና።) የመካነ ኢየሱሷ እመቤት ፕሊኒዮስን አላነበበችም፤ ፕሊኒዮስም እስቴ የሚባል አገር መኖሩን አልሰማም። ሁለቱን ያገናኛቸው የቅባት ጠባይ ነው።

ዛሬ ልነግርዎ ያሰብሁትም ይህንኑ ነው። ለቆዳ የሚሆን ቅባት ኃይሉን የሚያገኘው ከተሠራበት ነገር ብቻ አይደለም፤ ከተቀመጠበት ዕቃና ቦታም ጭምር ነው። ይህን አያቶቻችን፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንውለው የከተማ ሰዎች ግን ቅሉን ትተን ቱቦውን ስንይዝ፣ ጥበቡን እዚያው ከቅሉ ዘንድ ጥለነው የመጣን እንመስላለን።

አስቀድመን የቅቤን ነገር እንመርምር። ቅቤ ከ100 እጁ 80 ያህሉ ስብ ሲሆን፣ ከቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ የአሬራ ቅሬታ ካለ፣ ለዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይመገቡትና ይራቡበታል። በሌላ ወገን አየር ከስቡ ጋር እየተዋሐደ ይለውጠዋል፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ይህን ሥራ ያፋጥኑታል። አፍንጫችንን የሚመታው የከረፋ ቅቤ ሽታ የሚመጣው ስቡ ተፈራርሶ ከሚወጡት አሲዶች ነው። እንግዲህ የባላገር ሴት የተናጠውን ቅቤ አሬራው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ስታጥበው፣ የተሐዋስያኑን ስንቅ መቁረጧ ነው። ዕቃውን በወይራ ጢስ ስታጥነውም ለመዓዛ ብቻ የምታደርገው አይደለም፤ በጢሱ ውስጥ ያሉት ፌኖል የሚባሉት ነገሮች ተሐዋስያንን ያዳክማሉ፤ የስቡንና የአየሩንም ውሕደት ያዘገያሉ። ከዚያም በላይ አገሩ ራሱ ያግዛታል። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ በአጠገቡ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነውና ከእርሱ የሚወርደው ብርድ ለቅቤ መልካም ጎረቤት ነው።

ለጠጕር የሚሆነው ቅቤ በአደስ ይለወሳል። የአደስ ቅጠል ደርቆ፣ ተወቅጦና ተነፍቶ በዱቄትነቱ ይቀመጣል፤ ከቅቤው የሚገናኘው በሚፈለግበት ጊዜና በሚፈለገው ልክ ነው። በእጅና በእግር የሚታሰረው የእንሶስላ ሥርም እንዲሁ ነው፤ ለሠርግ ወይም ለበዓል ሲፈለግ ይወቀጣል እንጂ ተወቅጦ አይከርምም። በዚህ ነገር ከሁሉ የሚልቀው ምስክር ግን እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያም ተነሥቶ እንዶድ ቢልሐርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስታወቀ። ይህንን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላው ነገር ነው፤ የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲቀመጥ ኃይሉን ለረጅም ጊዜ ይይዛል፤ ተፈጭቶ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ደረቁን አቆይቶ በሥራው ሰዓት መበጥበጥ የአጣቢዎቹ ልማድ ነበረ፤ ሳይንስ ያንኑ ልማድ በቁጥር አጸናው። ከዚህ በታች ስለ በረኪና ስናገር ይህን እንዲያስታውሱልኝ እለምንዎታለሁ።

ከእንግዲህ ወዲያ ዓመቱን የምጠቅሰው፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቅባት በመልካም ዕቃ ሲቀመጥ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ለማወቅ ወደ ግብጽ እንሻገር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት አገር መርከቦች ልካ ከርቤና ዕጣን፣ እስከ ዛፉም ጭምር፣ አስመጣች። ይህም በደይር ኤል ባሕሪ በሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። ፑንት የሚባለውን አገር ብዙዎቹ ሊቃውንት ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከእኛው ወገን ያደርጉታል። ከእርሷ በኋላ የነገሠው የቱታንክሐሙን መቃብር በ1922 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ፣ ከዕቃው መካከል ከአልባስጥሮስ የተሠሩ የቅባት ማሰሮዎች ተገኙ። ከ3,200 ዓመት በኋላ ከአንዳንዱ ገና ቀጭን መዓዛ ይወጣ ነበር። በ1926 ዓ.ም. የመረመሩት የእንግሊዝ ኬሚስቶች ከ100 እጁ 90 ያህሉ የእንስሳ ስብ፣ 10 ያህሉ ሙጫ መሆኑን ገለጡ። እንግዲህ ይመልከቱ፤ ስብና መዓዛማ ሙጫ፣ ቅቤና አደስ! መጠኑና አገሩ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። ያን ቅባት ለዚህ ሁሉ ዘመን ያቆየው ጨለማው፣ ደረቁ አየር፣ የድንጋዩ ዕቃና ጥብቅ ክዳኑ ነው። ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ወደ መቃብሩ በጥንት ዘመን የገቡት ሌቦች ከወርቁ ይልቅ የተሻሙት ቅባቱን ነበር፤ ከማሰሮው እየዛቁ ሲወስዱ የጣታቸው ምልክት በውስጡ ቀርቶ ተገኝቷል። ቅባት በዚያ ዘመን ያን ያህል ሀብት ነበረ፤ በቀላሉ የሚቀልጥና ባለቤቱ የማይታወቅ ሀብት ስለ ሆነም ለሌባ የተመቸ ነበረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በመያዣው ዕቃ ጥበብ ከዝባድ ነጋዴዎች የሚበልጥ አላውቅም። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ጽኑ መዓዛ ያለው ቅባት ሲሆን፣ ከሊሙ እናርያና ከአካባቢው ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጎጃም በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባሕር ተሻግሮ የሽቱ ሠሪዎች እጅ ይገባል። (የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ የጻፈው ዳንኤል ዴፎ ሳይቀር በ1692 ዓ.ም. በሎንዶን ጥርኞች ገዝቶ በዝባድ ሊበለጽግ ሞክሮ ነበር፤ በዚያው ዓመት ከሰረ።) የእኛ ነጋዴዎች ዝባዱን የሚያስቀምጡት በከብት ቀንድ ነው፤ አፉንም በቆዳ ይሸፍኑታል። ስለ ምን ቀንድ መረጡ? ሸክላ በበቅሎ ጀርባ ይሰበራል፤ ቅባትም ይመጥጣል፤ ቅል ቀላል ነው፣ ነገር ግን ግጭት አይችልም፤ ብርጭቆ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ቀንድ ግን ብርሃን አያሳልፍም፣ አያፈስም፣ አይሰበርም፤ አፉም ጠባብ ስለ ሆነ ከአየር ጋር የሚነካካው ጥቂቱ ብቻ ነው። ከዓባይ በረሃ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ፣ ከደጋም ወደ ምጽዋ ዋዕይ ለሚጓዝ ዕቃ ከዚህ የሚሻል በቀላሉ አይገኝም። ሞላጫ ነጋዴ ዝባዱን በቅቤ ይቀላቅለው ነበር፤ ስለዚህ አዋቂ ገዢ የቀንዱን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ እንደ መካነ ኢየሱሷ እመቤት ውስጡን ይመረምራል።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ከዚህ ብዙ አልራቁም ነበር። የመድኃኒት ቅባታቸው መሠረት የአሳማ ሞራ ነበር፤ እርሱም እንዳይከረፋ ቤንዞይን ከሚባለው ሙጫ ይጨምሩበት ነበር። ነገሩን የለወጠው ሮበርት ቺዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው ከድፍድፍ ነዳጅ ያጣራውን ቅባት በ1872 ዓ.ም. ቫዝሊን ብሎ በሕግ አስመዘገበ። ቫዝሊን ከወተት ወይም ከሞራ የወጣ ስብ ስላልሆነ አይከረፋም፤ መድኃኒተኞች የወደዱትም ስለዚህ ነው። የመያዣውን ነገር ደግሞ የለወጠው ሐኪም ሳይሆን ሠዓሊ ነበር። ጆን ጎፍ ራንድ የተባለው አሜሪካዊ ቀለሙ እየደረቀ ቢያስቸግረው በ1841 ዓ.ም. ተጨምቆ የሚወጣበትን የቆርቆሮ ቱቦ ፈለሰፈ። ቱቦ ሲጨመቅ ወደ ውስጡ የሚመለሰው አየር ጥቂት ነው፤ ጣትም አይገባበትም። ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ የምናየው የቅባት ቱቦ የዚያ የቀለም ቱቦ የልጅ ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜዎን ባልወሰድሁ ነበር። ነገር ግን በደቡብ ጎንደር ነገሩ የዓይንና የእግር ነገር ነው። ዞኑ በአገራችን ትራኮማ እጅግ ካጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የትራኮማ መድኃኒት ለሕዝቡ ሲታደል፣ ስድስት ወር ያልሞላቸው ሕፃናት የሚዋጠው ስለማይሰጣቸው፣ ለእነርሱ የሚሰጠው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው። ቴትራሳይክሊን ብርሃንና ሙቀት የማይወድ መድኃኒት ነው። በ1963 ዓ.ም. በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች፣ አሮጌና የተበላሸ የቴትራሳይክሊን እንክብል የዋጡ ሰዎች ኩላሊታቸው እንደ ተጎዳ ጽፈዋል፤ ያ የሚዋጠው እንጂ የዓይኑ ቅባት አልነበረም፤ ቢሆንም መድኃኒት ሲያረጅ መድከም ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ሊለውጥ እንደሚችል ያስተማረ ነገር ነው። እናት ያቺን ትንሽ ቱቦ በመስኮት ላይ ወይም በምድጃ አጠገብ ካስቀመጠቻት፣ ሕፃኑን የምትቀባው መድኃኒት ሳይሆን ቫዝሊን ብቻ ሊሆን ይችላል። ደክሟል ወይስ አልደከመም ብላ እንደ ቅቤው አሽትታ ልታውቅ አትችልም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የከረፋ ቅቤ ራሱን ያጋልጣል፤ የደከመ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ መልኩም ሽታውም እንደ ነበረ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አደጋ አለ። ለአራስ ሕፃን እትብት የሚቀባው ክሎርሔክሲዲን የሚባለው መድኃኒት በብዙ አገር የሚታደለው እንደ ዓይን ቅባት ባለ ትንሽ ቱቦ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ይህ መድኃኒት በስሕተት በሕፃናት ዓይን እየገባ ከባድ ጉዳት እንዳደረሰ አስታውቋል። ሁለቱን ቱቦዎች በአንድ ሣጥን ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያሰጋ ከዚህ ይረዱታል። እዚህ ላይ ስለ ልማዳችንም እውነቱን መናገር ይገባል። ቅቤ ለጠጕር መልካም ነው፤ ለእትብትና ለክፍት ቁስል ግን ቅሉ የቱንም ያህል ቢታጠን አይሆንም፤ ተሐዋስያን ያስገባልና። ኩልም ደረቅ ዱቄት ስለ ሆነ አይከረፋም፤ ዘመን ይሻገራል፤ ነገር ግን ብዙ ኩል እርሳስ አለበትና በሕፃን ዓይን መኳል ጉዳቱ የታወቀ ነው። መልካም አቀማመጥ ክፉውን ነገር መልካም አያደርገውም።

አሁን ወደ በረኪናው ልምጣ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎችን የሚይዝ የእግር እብጠት አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ በአገራችን ሲመረምር፣ ይህኛው ዓይነት በትንኝ ከሚመጣው የተለየ፣ ከአፈሩ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጦ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አወጣለት። ሕክምናው የትዕግሥት ሕክምና ነው፤ እግሩን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ቫዝሊኑ ብዙ አያስቸግርም፤ ክዳኑ ከተዘጋና እጅ ከታጠበ ይቆያል። በረኪና ግን በብርሃንና በሙቀት ኃይሉ እየተነነ የሚሄድ ነገር ነው፤ በማያሳይ ዕቃ የሚሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለማየት እንዲያመች ተብሎ በነጭ የውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ ከፀሐይ ላይ የሰነበተ በረኪና፣ ሕመምተኛው በትጋት ሲዘፈዘፍበት ቢከርምም ጥቅሙ ያነሰ ነው። ይልቁንም በውሃ ተበጥብጦ ማደር የለበትም፤ እንደ እንዶድ በየዕለቱ ይበጠበጥ። በጠርሙሱ ላይ የበረኪናነቱን ስም መጻፍም ያሻል፤ የተጠማ ልጅ ውሃ መስሎት እንዳያነሣው።

እርስዎ ደግሞ፣ ክቡር አንባቢ፣ ምናልባት ዝሆኔም ትራኮማም የለብዎትም፤ ከደመወዝዎ ቀንሰው የገዙት የፊት ቅባት ግን አለ። በእርሱም ላይ ያው ሕግ ይሠራል። ቫይታሚን ሲ ያለበት ቅባት አየርና ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቡና ዓይነት መልክ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የከፈሉበት ነገር አብዛኛው የለም ማለት ነው። ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነው ሬቲኖልም ብርሃን ይፈራል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ምንም እንኳ ሥራው ፀሐይን መከላከል ቢሆን፣ በመኪና ውስጥ በሙቀት ሲቀቀል ሲውል ይበላሻል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለእጄ ቍስለት የታዘዘልኝን ክሬም ይዤ ወደ ጎጃም ስጓዝ፣ በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ባለው የቦርሳዬ ኪስ አኖርሁት፤ የዓባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ ውሃውና ቅባቱ ተለያይቶ አገኘሁት። መድኃኒት ቤቱን ልወቅስ ተነሥቼ ነበር፤ ኋላ ከሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳነብ ወቀሳው ወደ ራሴ ተመለሰ።

ከሣጥኑና ከቆርቆሮው ላይ የሚነበበው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ነው፤ ይህ የሚቆጠረው ዕቃው ሳይከፈት ነው። ሁለተኛው ክዳኑ የተነሣ የቆርቆሮ ሥዕል ሆኖ በላዩ 6 ወይም 12 ቍጥር ከአንድ የላቲን ፊደል ጋር የተጻፈበት ነው፤ ትርጕሙም ከተከፈተ በኋላ ለዚያ ያህል ወር ያገለግላል ማለት ነው። የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ይህን ምልክት በ2003 ዓ.ም. ደንግገው ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውለውታል፤ ወደ እኛ ገበያ በሚመጣው ዕቃም ላይ ይታያል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቈጣጠር ነው) የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 የመዋቢያ ዕቃዎችን ጭምር የሚመለከት ነው። ነገር ግን ከሱቅ ወጥቶ ቤትዎ ከገባ በኋላ ተቈጣጣሪው እርስዎ ነዎት። የከፈቱበትን ቀን በእርሳስ ከክዳኑ ላይ ይጻፉ፤ በመሥሪያ ቤት ለሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ቀን እየጻፍን፣ ለዚህ መስነፋችን ይገርመኛል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ «ሁሉንም በማቀዝቀዣ ባኖረውስ?» እያለ ነው። በማቀዝቀዣ ይቀመጥ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ያኑሩ፤ ሌላውን አያስፈልገውም፤ አንዳንዱ ክሬም እንዲያውም ብርዱ በዝቶ ከረጋ በኋላ ሲፈታ ይለያያል። እንደ መካነ ኢየሱስና እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ፣ ከፀሐይና ከምድጃ የራቀ ቁም ሣጥን ይበቃል። መታጠቢያ ቤት ግን፣ መስተዋቱ እዚያ ስላለ ብቻ ሁላችንም የምናስቀምጥበት ቦታ፣ በሙቅ ውሃ እንፋሎት ምክንያት ከሁሉ የከፋው ነው። በቱቦ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ያድርጉ፤ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ብዙ ጊዜ የሚታተመው በቱቦው ግርጌ፣ በእጥፋቱ ላይ ነው፤ እኛም ቅባቱ እንዳይቀርብን ከግርጌው እየጠቀለልን ስለምንጨምቀው፣ ቀኑ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነውና፣ ገና ሳይጠቀልሉት ከሌላ ቦታ ይገልብጡት።